እርጎ፣ ፕሮባዮቲክና ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ፦ ነፍሰ ጡር ምን ታድርግ?

እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ የሚወለድ ሕፃን ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ብግነት ነው። ባክቴሪያዎች ከብልት ተነሥተው ወደ ማኅፀን ሲዘልቁ የእናቲቱ የመከላከያ ሥርዓት ይቆጣል፤ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገርም ይበዛና የማኅፀኑ በር ይለሰልሳል፣ እንሽርቱን የያዘው ሽፋን ይሳሳል፣ ማኅፀኑም ይኮማተራል። በጤናማ ብልት ውስጥ የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ላክቲክ አሲድ እያመነጩ ጎጂዎቹ እንዳይበዙ ያደርጋሉ። ወተትን ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ የእነዚሁ ዘመዶች ስለሆኑ፣ እርጎ ወይም የፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማሉ የተባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች) እንክብል ምጡን ያዘገያል የሚል ተስፋ ማሳደሩ አያስገርምም።

ተስፋው ግን በሙከራ አልጸናም። በኖርዌይ በነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገ ሰፊ ክትትል ፕሮባዮቲክ ያለበት ወተት የሚጠጡት ሴቶች ያለጊዜያቸው የመውለድ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ሆኖም እንዲህ ያለውን ወተት የምትመርጥ ሴት በሌላውም ነገር ለራሷ የምትጠነቀቅ ልትሆን ስለምትችል፣ ውጤቱ የወተቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ደግሞ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች ለፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ይበልጥ እንደተጋለጡ አመልክቷል። ስለዚህ እንክብሉን ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ፤ እርጎውን ግን እንደ ምግብ ይብሉት።

እርጎውም ቢሆን አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በልማድ ጥሬ ወተት በታጠነ ዕቃ ተቀምጦ ራሱ ይረጋል፤ ጣዕሙ የሚወደድ ቢሆንም መኮምጠጡ ብቻውን የብሩሴላና የሊስቴሪያ ተሕዋስያንን ለመግደል አይበቃም፣ ሁለቱም ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ወተቱን አፍልተው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት። መፍላቱ የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ስለሚገድላቸው፣ ከፓስተራይዝድ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበት፤ ከጥሬ ወተት እርጎ ቢጨምሩ ግን የማፍላቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። በንጹሕ ዕቃ ከድነው ሞቅ ባለ ቦታ እስኪረጋ ያቆዩት፣ ከዚያም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት። በነገራችን ላይ የእንጀራ እርሾም ላክቲክ አሲድ በሚያመነጩ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው፤ ምጣድ ላይ ግን ስለሚሞቱ እንጀራ በፕሮባዮቲክነት አይቆጠርም።

ብግነትን ከምንጩ ለመከላከል ከእርጎው ይልቅ ክትትሉ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል፤ የመጀመሪያውን ከ12ኛው ሳምንት አያሳልፉት። የሽንት ምርመራን አይዝለሉ፣ ምክንያቱም በሽንት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን አንዳች ስሜት ሳይሰጥ ሊቆይ ይችላል። ፈሳሽዎ ሽታው ወይም መልኩ ከተለወጠ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ የታዘዘልዎትንም አንቲባዮቲክ ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ብልትዎን ከውጭ በውሃ መታጠብ ይበቃል፣ ወደ ውስጥ በሳሙና መታጠብ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል።

ከ37 ሳምንት በፊት ሆድዎ እየተመላለሰ ከተኮማተረ፣ ውሃ ካፈሰሰዎት፣ ከደሙ ወይም ካተኮሰዎት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እርግዝናው ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ሐኪሙ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር ዴክሳሜታዞን የተባለ መርፌ ሊያዝልዎ ይችላል፤ መርፌው እንዲሠራ ሰዓታት ስለሚያስፈልጉት፣ ምጡ ሌሊት ቢመጣ እስኪነጋ አይጠብቁ።