ፓቹ ካለቀ በኋላ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሲጋራ አቁማችሁ በኒኮቲን ፓች፣ ማለትም ቆዳ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲን በሚሰጠው መድኃኒት፣ ሳምንታት ገፍታችኋል። አሁን የመጨረሻዋን ፓች ልታነሱ ነው፣ ወይም አንስታችኋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። ፓቹ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ሰው «ሰውነቴ ሲጋራ እየጠየቀ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቡናው፣ የረሃቡ ወይም የእንቅልፉ ነው። ኒኮቲኑ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መመለስ ያለባችሁ ወደ ፓቹ ነው። ወደ ፓች መመለስና ወደ ሲጋራ መመለስ ለየቅል ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የፓቹን መጠን አወራረድ አረጋግጡ። በተለመደው የ24 ሰዓት ፓች፣ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ያጨስ የነበረ ሰው ባለ 21 ሚሊግራሙን 6 ሳምንት፣ ባለ 14ቱን 2 ሳምንት፣ ባለ 7ቱን 2 ሳምንት ይለጥፋል። 10 ፍሬ ወይም ከዚያ በታች ያጨስ የነበረ ከ14 ጀምሮ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ 7ቱን 2 ሳምንት ይጨምራል። የ16 ሰዓቱ ፓች ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ካርቶኑን አንብቡ።

«ፓቹን ባነሳሁ ማግስት ሀራራው ተነሳብኝ»

ኒኮቲን ከደም ቶሎ ይወጣል። በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ቆዳ ሥር የቀረው ትንሽ ቢያቆይም፣ በማግስቱ አብዛኛው የለም። ስለዚህ ከ7 ሚሊግራም ወደ ባዶ መውረድ ራሱን የቻለ ትንሽ ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስቸግራሉ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግባል። ሲጋራው ውል ሲላችሁ ደግሞ ስሜቱ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው።

መፍትሄው ከሆድ ይጀምራል። ረሃብና ሀራራ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ያነጫንጫሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ብሉ። ኪሳችሁ ውስጥ የገብስ ቆሎ ይኑር። እጅም አፍም ሥራ ያገኛል፤ ሲጋራው ይዞት የነበረውን ቦታ እንደ ቆሎ የሚሞላ አላየሁም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የመጨረሻዋን ፓች የምታነሱበትን ቀን ከጾሙ መግቢያ አርቁት። ሁለት ትግል በአንድ ሳምንት አትጀምሩ።

በልታችሁም፣ ውሃ ጠጥታችሁም፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የማያሠራችሁ ከሆነ ባለ 7ቱን መልሳችሁ ለጥፉ። አንድ ሁለት ሳምንት ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ግን ንገሩት። ሰው እዚህ ጋ ሲያፍር አያለሁ፤ አያሳፍርም። ፓች ጭስ የለውም፣ ሬንጅ የለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም። ኒኮቲኑንም በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሲጋራ በሰከንዶች ውስጥ አእምሮ ጋ ያደርሰዋል፤ ሱስ የሚያሲዘውም ይህ ፍጥነቱ ነው።

«ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በዚህ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ይህን የሚሠራው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ፓቹ አይተካውም። ሲጋራ ካቆማችሁበት ሳምንት ጀምሮ ያው የለመዳችሁት ስኒ ቡና በደማችሁ ውስጥ እጥፍ ያህል ካፌይን ሊያስቀምጥ ይችላል። ሲጋራውን አቁማችሁ አቦል፣ ቶናና በረካውን እንደ ድሮው የምትጠጡ ከሆነ ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ፓቹ ካለቀ በኋላ ስለምታስተውሉት ብቻ በፓቹ ታሳብባላችሁ።

ቡናችሁን በግማሽ ቀንሱ። በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አትተዉት፤ ራስ ምታቱ ሌላ ሰበብ ይሆናል። ከአቦሉ አንድ ስኒ ጠጡና ቶናውን እለፉት። በረካን እንቢ ማለት ለሚከብደው ሰው፣ ሩብ ስኒ ለበረከት ይበቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ቡና አይኑር። አንድ ሳምንት ሞክሩትና ልዩነቱን እዩ።

ፓቹን ገና እየለጠፋችሁ ቅዠት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ማታ ስትተኙ አንሱትና ጠዋት አዲስ ለጥፉ።

«ጠዋት ያለ ሲጋራ ብርዱን አልችለውም»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጥቅምትና የኅዳርን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ሲጋራ አያሞቅም። ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ጣትን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ሙቀት የሚመስላችሁ ልማዱ ነው። ያንን ሰዓት በሌላ ትኩስ ነገር ያዙት፦ አጥሚት፣ የተልባ መጠጥ፣ ዝንጅብል። ከቤት ስትወጡም የሚያጨሱ ሰዎች የሚቆሙበትን ጥግ ለአንድ ወር ያህል ዙሩት።

«ፓቹ አይጣበቅልኝም፣ ቆዳዬንም ያሳክከኛል»

ይህ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ላሉት ነው። ደጋ ላይ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቫዝሊን ነው። ቆዳ ስለሚደርቅ ሰው ይቀባል፣ በላዩ ላይ ይለጥፋል፣ ፓቹ ይወድቃል፣ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል። ቦታውን በውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ቅባት አታስነኩት። ፀጉር የሌለበት ቦታ ምረጡና በመዳፋችሁ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት።

ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ደግሞ ላብ ያስቸግራችኋል። ሙቀት ኒኮቲኑን በፍጥነት ስለሚያስገባም ማቅለሽለሽና ማዞር ሊመጣ ይችላል። ፓቹን ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በልብስ ሥር አድርጉት። ካዞራችሁ አንሱት። ደጋ ያላችሁም ከምድጃ አርቁት። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ለምትሄዱ፣ ፓቹን ማንሳት አያስፈልግም። ውሃ አይጎዳውም፤ ከወደቀ አዲስ ለጥፉ።

ለማሳከኩ፣ ቦታውን በየቀኑ ቀይሩ። ወደ አንድ ቦታ ለመመለስ ሳምንት ይለፍ። ቅላቱ ከ4 ቀን በላይ ከቆየ ወይም ካበጠ ግን አቁማችሁ ባለሙያ አሳዩ።

«ባለ 7ቱን መድኃኒት ቤት አጣሁት»

ባለ 14ቱን በመቀስ አትክፈሉት። ሁሉም ፓች ለመቆረጥ የተሠራ አይደለም። ከ14 ላይ በቀጥታ ማቆምም ይቻላል፤ ቀስ በቀስ መውረድ በአንዴ ከማቆም የተሻለ ውጤት እንዳለው ጥናት አላረጋገጠም። ስላላገኛችሁት ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። የኒኮቲን ማስቲካ ካገኛችሁ ለድንገተኛው ሀራራ ይጠቅማል። ትንሽ አኝኩትና ጉንጫችሁ ሥር አቆዩት። ከቡና በኋላ ግን 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልሆነ በደንብ አይሠራም።

ሆድ ድርቀት፣ ሳል፣ ክብደት

ለድርቀቱ ውሃና ተልባ። ክብደት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ሲጋራ ከሚያመጣው ጉዳት ጋር አይወዳደርም። ሳንባ ራሱን ሲያጸዳ ሳል ይኖራል። ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ደም ካለው ግን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለቲቢ ተመርመሩ።

«ሁሉ ነገር ጨለመብኝ»

ጥቂት ቀን መከፋት ይጠበቃል። ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ወይም ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ የደም ማቅጠኛ፣ የአስም ክኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ሲጋራ ማቆማችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩት። መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

«አረቄ ላይ አንዷን አጨስኩ»

መጠጥና ጫት ሲጋራን ይጠራሉ። «ጋሼ፣ አንዷን ብቻ ይውሰዱ» የሚባለውም እዚያ ነው። ፓቹ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር አረቄ ቤቱንም መቃሚያውንም ተዉት። ምርቃና ላይ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ ሲጋራን አይችልም። አንዷ ካመለጠች፣ የቀረውን ፓኮ ጣሉትና በማግስቱ መድኃኒት ቤት ብቅ በሉ። ስንት ፍሬ እንደነበረ፣ የት እንደነበረ፣ ፓቹ ስንት ሚሊግራም ላይ እንዳለቀ ንገሩ። ከዚያ ተነስተን ባለ 7ቱን ወይስ ባለ 14ቱን እንደምትጀምሩ አብረን እንወስናለን።

ያወለቃችሁትን ፓች የሚጣበቀውን ወገን እርስ በርሱ አጥፋችሁ ልጆች በማይደርሱበት ጣሉት። ከተለጠፈ በኋላም ለሕፃን አደገኛ የሚሆን ኒኮቲን ይቀርበታል።