የጫጩቶች ኩስ ደም ከቀላቀለ

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ላይ ኩርምት ካሉና ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው፣ አንጀት ውስጥ የሚገባ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። ነገ አየዋለሁ የሚባል በሽታ አይደለም፤ በቀናት ውስጥ ይፈጃል። ደም ሳይታይም ሊኖር ስለሚችል፣ ከተቻለ የእንስሳት ሐኪም ኩሱን በማይክሮስኮፕ ይይላችሁ።

የተለመደው መድኃኒት አምፕሮሊየም ነው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ያለምክንያት አይደለም። የታመመች ጫጩት መኖ ብትተውም ውሃ መጎንጨት ቶሎ አትተውም። ስለዚህ ሌላ ውሃ አጠገባቸው አይኑር። የዱቄቱ ጥንካሬ ስለሚለያይ መጠኑን እሽጉ ላይ እንደተጻፈው ለኩ፤ የማንኪያ ግምት አያዋጣም። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ደህና ለሚመስሉትም ስጡ።

ብዙ ሰው የሚስተው ቫይታሚኑን ነው። አምፕሮሊየም ተውሳኩን የሚጎዳው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በማድረግ ነው። እናንተ ደግሞ «ይጠንክሩልኝ» ብላችሁ ቢ1 ያለበት ቫይታሚን ከጨመራችሁ፣ የመድኃኒቱን ጉልበት ትሰብራላችሁ። ቫይታሚኑ ሕክምናው ሲያልቅ ይደርሳል።

መድኃኒቱ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ከኩስ ጋር የወጣው ተውሳክ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሌላውን ለመያዝ ይደርሳል። በረኪና ብዙም አይበግረውም። ድርቀት ነው ጠላቱ። መጠጫው ሥር ያለውን ጉዝጓዝ በእፍኛችሁ ጨምቁት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ካልተበተነ አውጥታችሁ በደረቅ ቀይሩት። መጠጫውንም በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጉት፤ ያኔ አይረጩትም፣ አይኩሱበትምም።