ምላጭ በጃፓን የተፈጥሮ ድንጋይ ስትስሉ ጭቃውን እዩ

ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች የሚወጣው ድንጋይ የደነዘ ምላጭ አያድንም። ምላጭ የምለው እጀታው ላይ የሚታጠፈውንና ወፍራም ጀርባ ያለውን የጢም መላጫ ነው። ብዙ ሰው ውድ ድንጋይ ገዝቶ የሚያዝነው ይህን ሳያውቅ ነው። እኔም ለወራት ድንጋዩን ስወቅስ ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን ከእሱ በፊት በነበረው ሥራ ላይ ነበር።

ስለቱን የሚያወጡት ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ናቸው። በ1000 ቁጥር ጀምሩ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይደቃል። ምላጩን አስተኙት፤ ጀርባውም አፉም ድንጋዩን ይንካ። ማዕዘኑን የሚወስነው ጀርባው ስለሆነ በእጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ የለም። ጀርባው እንዳይበላ የኤሌክትሪክ ቴፕ መለጠፍ ይቻላል፣ ግን አንዴ ከለጠፋችሁ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ አታንሱት፣ ማዕዘኑ ይለወጣልና። አፉን በማርከር ቀቡና አንዴ ሳቡት። ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ካለ ድንጋዩ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። ምላጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የክንድ ጸጉር ከቆዳው አጠገብ እስኪቆርጥ ከ1000 አትነሱ። ከዚያ 4000፣ ከዚያ 8000።

አሁን ወደ ተፈጥሮ ድንጋዩ። ይህ ድንጋይ ከዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት የሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ማዕድን) አጽም በውስጡ አለ፣ ብረቱን የሚበላውም ሲሊካው ነው። ቁጥር የለውም። ናካያማ፣ ኦሂራ፣ ኦዙኩ የሚሉ የማዕድን ቦታ ስሞች ይጻፉበታል፣ ግን ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ ለማኅተሙ ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ለምላጭ የሚሆነው ጠንካራና ደቃቅ ነው፤ ለስላሳውን ለወጥ ቤት ቢላ ተዉት። ላዩ ላይ መስመር ካያችሁ ጥፍራችሁን አሻግራችሁ ሳቡበት። ጥፍር የሚይዝ መስመር ምላጭም ይጎዳል።

ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ንብርብር ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎኑንና ታቹን ቫርኒሽ መቀባት ይረዳል። ፊቱ ደግሞ ዝርግ መሆን አለበት፦ በእርሳስ አስምሩበት፣ መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ በአልማዝ ሰሌዳ እሹት።

ፊቱን አርጥቡና ናጉራ በሚባለው ትንሽ ድንጋይ እያሻችሁ ጭቃ አውጡ። ከአይቺ ግዛት የሚመጣው ሚካዋ ናጉራ ከሻካራ ወደ ደቃቅ ቦታን፣ ቴንጆ፣ ሜጂሮ፣ ኮማ እየተባለ ይለያል። ከ8000 ለመጣ ምላጭ አራቱም አያስፈልጉም። እኔ ሜጂሮና ኮማ ይበቁኛል፤ መጨረሻ ላይ ቶሞ ናጉራ እጨምራለሁ፣ እሱም ከዋናው ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቁራጭ ነው።

ጭቃው እንደ ወተት ሲሆን ጀምሩ። አፉ ይቅደም፣ ጀርባው ይከተል። ጫፍ ስትደርሱ በጀርባው ገልብጡት፣ በአፉ በፍጹም። መጀመሪያ ትንሽ ጫን ማለት ይቻላል፣ ኋላ ግን የምላጩ ክብደት ብቻ ይበቃል። ጭቃው ሲጠቁር የምታዩት ከምላጩ የተፋቀውን ብረት ነው።

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭቃውን አትጠቡት። አስር ምልልስ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ውኃ፣ እንደገና አስር ምልልስ፣ እንደገና ጠብታ፣ እንዲህ እያላችሁ ጭቃው ቀስ በቀስ እየቀጠነ ውኃ ብቻ ወደ መሆን ይምጣ። ወፍራም ጭቃ ላይ ካቆማችሁ አፉ በየምልልሱ ከቅንጣቶቹ ጋር እየተጋጨ ስለሚሄድ የተሳለውን መልሶ ያደነዝዘዋል። ተቻኩሎ በአንዴ ውኃ ማፍሰስም አይጠቅም። ጭቃው ሲቀጥን ምላጩ ድንጋዩ ላይ እየተጣበቀ እንደሚሳብ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ያን ስሜት ጠብቁት፣ እኔ ከማጉያ መነጽር ይልቅ እሱን አምናለሁ። በንጹሕ ውኃ አሥራ አምስት ያህል ምልልስ ጨርሱ።

ምላጩን አድርቁና አፉ ወደሚወለወልበት የቆዳ ጠፍር ሂዱ። እዚህ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። ጠፍሩን ወጥራችሁ ያዙ፣ ከላላ አፉን ያዶለዱመዋል። ሃምሳ ምልልስ ይበቃል።

ከዚያ ተላጩበት። ጸጉሩን ከሳበ በኮማ ጭቃ ድገሙት። አሁንም ከሳበ ችግሩ ከታች ነውና ማርከሩን አውጥታችሁ ወደ 1000 ተመለሱ። ጥሩ አድርጎ የላጨ ምላጭ ግን ከሳምንታት በኋላ መሳብ ሲጀምር 1000 አያስፈልገውም፦ በቶሞ ናጉራ ቀጭን ጭቃ ሠላሳ ምልልስ፣ ትንሽ ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ ጠፍር። ድንጋዩን አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት።