ጎንደር ላይ በከሰዓት ሙቀት፦ አውሮፕላኑ ተነስቶ መልሶ ሲቀመጥ

ችግር፦ ትንሿ አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ትፈተለካለች። አብራሪው ፍጥነቱ የሞላ መስሎት መሪውን ይስባል፤ ጎማው ይላቀቅና ከፍ አልል ብላ መልሳ ትቀመጣለች።

ምክንያት፦ ዓይን የሚለካው የመሬቱን ሩጫ ነው፤ ክንፉን የሚያነሳው ግን አየሩ ነው፣ አየሩ ደግሞ ሳስቷል። አዘዞ ያለው የጎንደር ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6500 ጫማ ነው። ለዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 2 ዲግሪ ነው። በመጋቢት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ ከሆነ ትርፉ 26 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲታሰብ 3120 ይጨመራል። ሞተሩና ክንፉ የሚሠሩት 9600 ጫማ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። የፍጥነት ማሳያው 60 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ሲል እውነተኛው ፍጥነት 69 ገደማ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ይህ 9 ኖት ነው። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ የመሬት ሩጫው ከባሕር ጠለሉ እጥፍ ይደርሳል።

መፍትሄ፦ መሪውን የምትስቡት በማሳያው ቁጥር ብቻ ነው፣ የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ባዘዘው። «ለከፍታው» ብሎ በማሳያው ላይ ኖት መጨመርም ስህተት ነው፤ ሩጫውን ያስረዝማል እንጂ አይጠቅምም። ከተላቀቃችሁ በኋላ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ የመውጫው ፍጥነት እስኪሞላ ጠብቁ። ለመሬት ሲቀርብ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍ ጥቂት ሜትር ከፍ ሲባል ይጠፋል።

ጧት 1 ሰዓት በ14 ዲግሪ የተሠራ ሂሳብ ለከሰዓት አይሆንም! ልዩነቱ 1700 ጫማ ገደማ ነው። አልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) 1013 ሄክቶፓስካል ላይ አድርጉ፣ የሰዓቱን ሙቀት ያዙ፣ የመነሻ ሩጫውን ሰንጠረዥ እንደገና ክፈቱ። ካልበቃ ጭነት ቀንሱ ወይም ለማግስቱ ጧት አቆዩት። «ማኮብኮቢያው ረጅም ነው» የሚለው ማጽናኛ አደገኛ ነው፤ ርዝመት ለመነሳት ይረዳል፣ ኮረብታ ለማለፍ ግን አይረዳም።

ሞተሩ ቢንተፋተፍ፦ ቀዩ እጀታ (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚቆጣጠረው) እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ነዳጅ በዝቷል። ፍሬን ይዛችሁ ሙሉ ስሮትል (የሞተር ጉልበት) ስጡ፤ ዙሩ ጫፍ እስኪደርስ ቀዩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱ። ይህ የምላጩ ማዕዘን ለማይለወጥ (ቋሚ) ፕሮፔለር ነው፤ ተርቦ ላለው የራሱን መጽሐፍ ተከተሉ።

የፍጥነት ማሳያው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ፦ ለመለኪያው አየር የሚቀበለው ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው አቁሙ።

ጄት ላይ፦ የጎማው የፍጥነት ወሰን የሚቆጠረው በመሬት ፍጥነት ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ነፋስ በሙሉ ይደመርበታል።