ሮቶ እንዴት ይታጠባል?

እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የምንጠጣው ሮቶ ውስጥ የከረመውን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት 2 ጊዜ እጠቡት እላለሁ።

ፈረቃችሁ ሊደርስ ሲል፣ ሮቶው ሲጎድል ጀምሩ። የመጠጡን ውሃ አስቀድማችሁ በጀሪካን ያዙ። የሚገባውን መስመር ዝጉ፣ ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ። ውስጡን በረጅም ብሩሽ ፈትጉና ዝቃጩን ከታች አስወጡ። ሳሙና አልመክርም፤ ለማለቅለቅ ብዙ ውሃ ይፈጃል። ሰው የግድ የሚገባ ከሆነ ውጭ ሆኖ የሚያየው ሌላ ሰው ይኑር። ልጅ ግን በፍጹም!

ከዚያ በረኪና። ለ1000 ሊትር ሮቶ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ የሌለው በረኪና 1 ሊትር ጨምሩና በውሃ ሙሉት። የክሎሪኑ ሽታ እስኪመጣ የቤቱን ቧንቧዎች በየተራ ክፈቱ፤ መስመሩም አብሮ ይጸዳል። 24 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ምግብም አይሠራበትም። ድፉትና በንጹህ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ክዳኑ በደንብ ይገጠም። ብርሃን ከገባ አልጌ ይበቅላል።