ታሪክን በአንድ ብር ሳንቲም
ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ የጥንት ታሪክ መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት የአንድ ብር ሳንቲም እጃቸው ላይ አስቀምጡ። እኛ የጀመርነው ፒያሳ ዳቦ ገዝተን በተሰጠን መልስ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ አንበሳውን ወዲያው አወቀችው። ገልብጣ ሚዛኑን ስታይ ግን «ይህ የአትክልት ሻጯ ነው?» አለችኝ። ለሥነ ዜጋ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል! ሻጯ አጉድላ ብትመዝንብን ማን ይዳኘናል ብዬ ጠየቅኋት፤ ስለ ፍትሕ ማውራት የጀመርነው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ወደ አክሱም ተሻገሩ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው ጨረቃ በመስቀል ተተካ። ከጥንቶቹ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ንጉሥ ለሕዝቡ ደስታ መጨነቁ ልጆችን እጅግ ይገርማቸዋል።

ከዚያ ስስ ወረቀት ሳንቲሙ ላይ አድርገው በእርሳስ ይሹት፤ ምስሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በመጨረሻ የራሳቸውን ሳንቲም ይሳሉ፤ የሚጽፉበትንም ራሳቸው ይምረጡ፣ እናንተ አታርሙ። ዓመተ ምሕረት ማሸምደዱ ይቆይ። የእኔ ልጅ በሳንቲሟ ዙሪያ «ውሃ ለሁሉም ቤት» ብላ ጽፋለች፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነዋል።