የእንጨት ጀልባ ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሙያ እጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ከታች ያሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚመጡት ልማዱ ተይዞ ምክንያቱ ሲረሳ ነው።

እርጥብ ጣውላ በምስማር መምታት። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እየገባለት የተደረደረ ጣውላ ለየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ጎን ላይ ሲመታ 15 በመቶ አካባቢ እርጥበት ቢኖረው ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም የበለጠ ከሆነ ተመቶ ካበቃ በኋላ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። ከመጠን በላይ መድረቅም ጉዳት አለው፤ ውኃ ሲጠጣ አብጦ አጠገቡ ያለውን ጣውላ ይገፋል፣ ምስማር ያላላል፣ ሲብስ ቅስቱን (ጣውላው የሚመታበትን የጀልባውን የጎን አጥንት) ይሰብራል። ይህን ብዙዎች አያስቡትም።

በእንፋሎት ለሚታጠፍ ቅስት ደግሞ የደረቀ እንጨት መምረጥ ስህተት ነው። ለእሱ በቅርቡ የተቆረጠ፣ ጉጥ የሌለው ይሻላል። ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት እንፋሎት ይበቃዋል። ከእንፋሎት ሳጥኑ ሲወጣ በሰከንዶች ውስጥ ቀዝቅዞ ስለሚጠነክር መቆንጠጫው ቀድሞ ተከፍቶ ይጠብቅ።

የጣውላውን ውፍረት ከፎርማው አለመቀነስ። ፎርማ ጀልባው ሲሠራ ቅርጹን የሚያስይዝ ሳንቃ ነው። ንድፉ የጀልባውን የውጭ መስመር የሚያሳይ ከሆነና ጣውላው 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ፎርማው ያንኑ ያህል ገባ ብሎ መቆረጥ አለበት። ከአያት የተወረሰ ፎርማ ለስንት ውፍረት እንደተቆረጠ ካልተጻፈበት ጀልባው ከታሰበው ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ሊወጣ ይችላል።

አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ። ግራና ቀኙ እየተፈራረቀ ካልተመታ አጽሙ ይጣመማል። ጎን ለጎን ባሉ ጣውላዎች ላይ የጫፍ መጋጠሚያዎችም አይቀራረቡ፤ ቢያንስ የሦስት ቅስት ክፍተት ይኑራቸው።

ብረትና መዳብን ቀላቅሎ መጠቀም። ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ፈጥኖ ይበላል። ኦክ በተባለው እንጨት ላይ የተመታ ተራ የብረት ምስማርም ዙሪያውን ያጠቁራል፤ ጥቁረቱ እንጨቱም ምስማሩም መበላት መጀመራቸውን ይናገራል።

ውኃ እንዳይገባ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ የሚገባውን ጥጥ በኃይል መጠቅጠቅ። ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። መጋጠሚያው በውስጥ በኩል ተነካክቶ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር ጣውላ በውጭ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ጥጡ እስከ ጥልቀቱ ግማሽ ድረስ ይሞላል። ሲጠብቅ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ያኔ ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ከተመታ በውስጥ በኩል ይወጣል፣ ወይም ጣውላው ሲያብጥ ማምለጫ ያጣል። በጥጡ ላይ መጋጠሚያውን የሚደፍነው ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ጥጡ ቀለም ይጠጣ፤ አለዚያ የስቱኮውን ዘይት መጥጦ ያደርቀዋል።

አዲስ ጀልባ፣ ወይም የብስ ላይ ከርሞ የደረቀ፣ ውኃ ላይ ሲወርድ ማፍሰሱ አይቀርም። ደንግጦ እንደገና ጥጥ መጨመር አያስፈልግም። ፓምፕ አጠገቡ አድርጎ ጥቂት ቀን ታስሮ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ ራሱ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላም የሚያፈስ ቦታ ካለ፣ ምልክት አድርጎ ማውጣትና ያንኑ ብቻ መክፈት።